«ብርድ ገብቷት ነው»

ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ግን ተረፈች፣ እልልም ተባለ። ወተት የሚባል አልመጣላትም። ሳታጠባም የወር አበባዋ እንደቀረ ቀረ። ዓመታት አለፉ፤ ድካሙና ብርድ ብርድ ማለቱ አለቅ አላት። ጎረቤት ምን ይላል? «አራስ ሆና ብርድ ገብቷት ነው!»

ብርድ ላይሆን ይችላል። ከአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታክል ዕጢ አለች። ወተቱን፣ የወር አበባውን፣ የታይሮይድ ሆርሞኑን የምታዘው እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፤ ብዙ ደም ፈሶ የሚደርሳት ሲያንስ ልትሞት ትችላለች።

ይህን አጥርቶ ያሳየው ግላስጎው የወሊድ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን ነው። ወልደው የሞቱ እናቶችን አስከሬን መርምሮ ያገኘውን በፈረንጆቹ 1937 አሳተመ፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ።

እሱ ከሬሳ ያነበበውን እኛ ከሕያዋን መስማት እንችላለን። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት እህት ወይም እናት አለችን? ወተት መጣላት? የወር አበባዋስ መቼ ተመለሰ? ቀኑን እንጻፍላት። ሃያ ዓመት ቢያልፍም ለሐኪሟ «ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር» ትበል። የጎደለው ሆርሞን በመድኃኒት ይተካል፤ ካልተተካ ግን በሌላ ሕመም ሰበብ ሊገድላት ይችላል።