የሐምቡርጉ ኡቬ ዜለር



ሰው የሚመሰገነው ባገኘው ሀብት ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እንቢ ባለውም ይመሰገናል። የጀርመናዊው ኳስ ተጫዋች የኡቬ ዜለር ታሪክ ይህን ያስረዳል። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኡቬ ዜለር በኖቬምበር 5 ቀን 1936 ዓ. ም. በወደብ ከተማዋ በሐምቡርግ ተወለደ። አባቱ ኤርቪን የወደብ ሠራተኛ ሲሆን፤ በከተማው የታወቀ ኳስ ተጫዋችም ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በ1954 ዓ. ም. ገና በ17 ዓመቱ ለምዕራብ ጀርመን ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ቁመቱ አጭር ቢሆንም፤ ወደ ላይ ዘሎ ኳስን በራሱ በመምታት ረገድ ብዙ ረጃጅም ተከላካዮችን ይበልጥ ነበር። በ1960 ዓ. ም. የሐምቡርግ ቡድን የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ።

በተከተለው ዓመት የሚላኖው ኢንተር ቡድን አሠልጣኝ ሄሌኒዮ ሄሬራ ወደ ሐምቡርግ መጥቶ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ማርክ አቀረበለት። በዚያን ጊዜ ምዕራብ ጀርመን አገር አቀፍ ሊግ ስላልነበራት፤ የተጫዋች ደመወዝ እጅግ አነስተኛ ነበር። ዜለር ግን ነገሩን ካሰበበት በኋላ በከተማው መቅረትን መረጠ።

በ1963 ዓ. ም. አገር አቀፉ ሊግ ሲቋቋም በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 30 ግብ አግብቶ አንደኛ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1965 ዓ. ም. ግን የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፤ ብዙዎችም ከእንግዲህ አይጫወትም አሉ። እርሱ ግን ከሰባት ወር በኋላ በስቶክሆልም ተሰልፎ ስዊድን 2 ለ 1 የተሸነፈችበትን ግብ አገባ። ይህም ድል አገሩን ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አበቃት። በዚያም የቡድኑ አለቃ ሆኖ እስከ ፍጻሜው ቢደርስ፤ በእንግሊዝ 4 ለ 2 ተሸነፈ። በ1970 ዓ. ም. በሜክሲኮ፤ ጀርመኖች እንግሊዝን 2 ለ 1 እየተከተሉ ሳለ ኳሷን በማጅራቱ በኩል መትቶ አቻ አደረጋቸው፤ በተጨማሪው ሰዓትም አሸነፉ። በዚህ ዓይነት በአራት የዓለም ዋንጫዎች ግብ ያገባ ሰው ሆነ። ለአገሩ 72 ጊዜ ተጫውቶ 43 ግብ አግብቷል።

የሐምቡርግ ሕዝብ «የኛ ኡቬ» እያለ ይጠራው ነበር። በ1972 ዓ. ም. ከጨዋታ የተሰናበተው በዚያው ቡድን ውስጥ ሳለ ነው፤ በጁላይ 2022 ዓ. ም. በ85 ዓመቱ ሲያርፍም ከተማው በሙሉ አዘነለት።

ይሁን እንጂ፤ አድማጮች ሆይ፤ ዜለር ገንዘብን የናቀ ሰው ነበር ማለት አይደለም። በከተማው ለመቅረት የቻለው የአዲዳስ የስፖርት ጫማ ወኪል በመሆን የተረጋጋ መተዳደሪያ ስላገኘ ጭምር ነው። እንግዲህ ታማኝነት ከሠራተኛው ብቻ የሚጠበቅ ዕዳ አይደለም፤ ታማኝ ሰው እንዲቀርለት የሚወድ ሁሉ እንጀራውንም ሊያስብለት ይገባል።