ሰልባጅ

ሰልባጅ፦ ቀድሞ የተለበሰ ወይም ከመደብር የተረፈ፣ በቦንዳ ታስሮ ከውጭ አገር የሚመጣ ልብስ። በጉምሩክ አጠራር «ልባሽ ጨርቅ» ይባላል። ለንግድ ማስገባቱ በኢትዮጵያ የተከለከለ ቢሆንም በኮንትሮባንድ እየገባ ከመርካቶ አንስቶ እስከ ክፍለ አገር ገበያዎች ይቸረቸራል።

ሻጩ ቦንዳውን ፈትቶ ልብሱን ሸራ ላይ ይቆልለዋል። ገዢው ቁልሉን እያገላበጠ ይመርጣል፤ ኮቱን ገልብጦ ስፌቱን ይፈትሻል፣ ዚፑን ይስባል፣ ብብቱ እንዳልሳሳ ወደ ፀሐይ ይዞ ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል።

ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሰቆጣና በሌላው የዋግ ኽምራ ደጋ ለሚኖር ሰው ከሰልባጅ ቁልል የሚመረጥ ወፍራም ኮት ጌጥ አይደለም፤ የክረምት ብርድ መከላከያ ነው።

የሰልባጅ የአገር ውስጥ አቻ ልዋጭ ነው፤ አሮጌ ልብስ በአዲስ የቤት ዕቃ ይለወጣል።