በጅዳና በመካ መንገድ ስለ ወረደው ደዌ

ተሳላሚ የሆነ ሰው ማደሪያውን፣ ማዕዱንና ውኃውን ከማያውቀው ወንድሙ ጋራ ይካፈላል። ይህ የፍቅር ምልክት የሆነው መካፈል አንዳንድ ዘመን የሞት መንገድ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ የምንጽፈው ከገዳሞቻችን ርቆ በቀይ ባሕር ማዶ ስለ ተደረገ ነገር ነው፤ ሆኖም ነገሩ የማንኛውም ተሳላሚ ነውና አንባቢ የሌላ ሃይማኖት ታሪክ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንለምናለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1865 ዓ.ም. ለሐጅ ወደ መካ ከተሰበሰቡት 90,000 ያህል ሙስሊሞች መካከል 15,000 የሚገመቱት በኮሌራ አለቁ። የተረፉት በጅዳ ወደብ በእንፋሎት መርከብ ተጭነው ወደ ስዊስ ሲመለሱ ደዌው አብሯቸው ተሳፈረ፤ ከስዊስ ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ማርሴይ ደረሰ። አገራችንም አልቀረላትም፤ በ1866 በጣና ዳር የሰፈረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በኮሌራ ተመታ። ቀድሞ በሸራ መርከብና በግመል ብዙ ወራት ይጓዝ የነበረ መንገደኛ ቢታመም በመንገድ ሞቶ ይቀር ነበር። አዲሱ መርከብ ግን ሕመምተኛውን ገና በሕይወት ሳለ ከአገሩ ያደርሰው ጀመር። መንገዱን ያሳጠረው ጥበብ የደዌውንም መንገድ አሳጠረ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ኮሌራ ከክፉ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1854 በለንደን ደዌው በመጠጥ ውኃ እንደሚተላለፍ አሳየ። በዚያው ዓመት ፊሊፖ ፓቺኒ የተባለ ኢጣልያዊ በፍሎሬንስ ተሐዋሲውን በአጉሊ መነጽር አይቶ ጻፈ። ታላላቆቹ ሊቃውንት ግን አልሰሟቸውም፤ ሮበርት ኮኽ በ1884 በሕንድ አገር ምርምሩን ፈጽሞ እስኪያስታውቅ ድረስ 30 ዓመት ባከነ። ልበ ደንዳናነት የሃይማኖት ሰዎች ብቻ ጠባይ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን ያስተውል።

መንግሥታት በ1866 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ አድርገው ስለ ሐጅ መንገድ ተማከሩ። በ1882 በየመን ዳርቻ በካማራን ደሴት ኳራንቲን የሚባለው የመንገደኞች ማቆያ ተከፈተ፤ ከሕንድና ከጃዋ የሚመጡት እየወረዱ፣ ልብሳቸው እየታጠነ፣ ቀን እየቈጠሩ ይቈዩ ነበር፤ ለዚሁም ይከፍሉ ነበር። ሥራው በመሠረቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ የመጣው ለገዛ ከተሞቻቸው ከሚፈሩ ነገሥታት ስለ ነበር ተሳላሚው እንደ እስረኛ ተቈጠርሁ ብሎ አዘነ። በ1893 ኮሌራ እንደ ገና እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ቍጥጥሩም ጠበቀ። በ1895 ስለ ጤና ሕጉ የተነሣው ቍጣ በሂጃዝ ገነፈለ፤ በግንቦት መጨረሻ ከጅዳ ቅጥር ውጭ ቈንስሎች በጥይት ተመቱ። የእንግሊዝ ምክትል ቈንስል ዶክተር አብዱር ራዛቅ ሞተ። ይህ ሰው ሕንዳዊ፣ ሙስሊምና ሐኪም ነበር። ለሁለቱም ወገን በየቋንቋው ሊነግር የሚችለውን ሰው ጥይቱ መረጠው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አሳዛኙ ነገር ትምህርቱ በእስልምና ውስጥ ከጥንት የነበረ መሆኑ ነው። ኸሊፋ ዑመር በሶርያ መቅሠፍት መግባቱን ሲሰሙ ከድንበር ሠራዊታቸውን ይዘው ተመልሰዋል፤ መቅሠፍት ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም አትውጡ የሚለው ትእዛዝም በሐዲስ ተጽፎ ይገኛል። በካማራን ግን ሕጉ ለተሳላሚው የደረሰው ከመምህሩ አፍ ሳይሆን በዘበኛ እጅ ነበር።

ሳይንስም ሌላ ስሕተት ጨመረ። በ1905 ጎትሽሊኽ የተባለ ጀርመናዊ በሲና ባሕር ዳር በኤል ቶር ማቆያ ከመካ ተመልሰው ከሞቱ ሰዎች ሆድ ተሐዋሲ አገኘ። ሰዎቹ የኮሌራ ምልክት ስላልነበራቸው እውነተኛ ኮሌራ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሥቶ ከ50 ዓመት በላይ ቈየ። በ1961 ይኸው ኤል ቶር ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በ1962 ኮሌራ ነው ብሎ ወሰነ። በ1970 ኢትዮጵያ ገባ።

በሂጃዝ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1956 የሳዑዲ መንግሥት ራሱ ያሠራው ማቆያ በጅዳ ተከፈተ፤ መንግሥታት በሐጅ ላይ የጣሉት ልዩ ሕግም ተሻረ። በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ፣ የሳዑዲ ታላላቅ ሊቃውንት ጉባኤ ከሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች በቀር የማኅበር ጸሎት እንዲቋረጥ ፈረደ። በዚያ ዓመት ሐጅ ያደረጉት ከዚያው አገር የተመረጡ ወደ 1,000 የሚሆኑ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እንደ 1895 ያለ ጥይት አልተተኰሰም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2023 ክረምት በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገባ። በዚህ ማንም ጠበሉን አይከስስም፤ ብዙ ሺህ ሰው በጠባብ ስፍራ ሲያድር መጸዳጃው የት እንደ ተቈፈረ፣ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደ ተቀዳ መጠየቅ ግን የአበ ምኔቱም የመጋቢውም ሥራ ነው። ሐኪሙ ውኃው ይፈላ ሲል፣ ይህን ቃል ለተሳላሚው አስቀድሞ የሚያሰማው ካህኑ ነው ወይስ ዘበኛው?