የቶሌዶ ተርጓሚዎችና የትርጉም መኪና

እስፓንኛ የሚማር ወጣት የሒሳብ መጽሐፍ በገለጠ ጊዜ «ሴኖ» የሚል ቃል ያገኛል። ቃሉ በሒሳብ «ሳይን» የምንለው ነው፤ በተራው ንግግር ግን «ጡት» ማለት ይሆናል። ወጣቱ ቃሉን ነጥሎ ለትርጉም መኪና ቢሰጠውና መኪናው «ጡት» ብሎ ቢመልስለት ብዙ ሊያስደንቀው አይገባም። የዚህ ስሕተት ሥር ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የተተከለ ነውና።

የሕንድ ሊቃውንት ይህን መስመር በደጋን ጅማት መስለው «ጂቫ» አሉት። ዐረቦች ትርጉሙን ትተው ድምፁን በመውሰድ «ጂባ» ብለው ጻፉት። በዐረብኛ ጽሕፈት አናባቢው ሁሉ ስለማይታይ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች ቃሉን «ጀይብ»፣ ማለት የደረት እቅፍ፣ ብለው አነበቡትና «ሲኑስ» አሉት። እስፓንኛው «ሴኖ» ከዚያ ወረደ።

በዚያ ዘመን የዐረብኛ መጻሕፍት በብዛት ከተተረጐሙባቸው ከተሞች አንዷ የእስፓኟ ቶሌዶ ነበረች። የኢብን ሲና የነፍስ መጽሐፍ በተተረጐመ ጊዜ አቨንዳውት የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ ዐረብኛውን ቃል በቃል በአገሬው ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ዶሚኒኩስ ጉንዲሳሊኑስም እየሰማ ወደ ላቲን ይመልሰው ነበር። ሁለት ወንዝ የሚሻገር መንገደኛ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ጥቂት ዕቃ እንደሚጥል ሁሉ፣ በመካከለኛ ቋንቋ የሚያልፍ ቃልም የሚጥለው አያጣም። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች አብረው ይሠሩ ስለ ነበር አንዱ ሲጠራጠር ሌላውን ለመጠየቅ ይችል ነበር።

መኪና ሲተረጉም በአደባባይ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና የአይ ቢ ኤም ኩባንያ በኒውዮርክ ከ60 የሚበልጡ የመስኮብኛ ዐረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መለሱ፤ መኪናው የሚያውቀው 250 ቃልና 6 የሰዋስው ሕግ ብቻ ነበር። በ1966 በአሜሪካ የወጣ የባለሙያዎች መግለጫ ተስፋውን አቀዘቀዘው። ዛሬ መኪናው ከዚያ ዘመን ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ የእኛም አማርኛ በ2016 ከጉግል የትርጉም አገልግሎት ቋንቋዎች ተቈጥሯል።

ነገር ግን ከአማርኛ ወደ እስፓንኛ የሚሄደው ቃል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ያልፋል፤ መሻገሪያው እንደገና ሁለት ሆነ ማለት ነው። እኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እንላለን፤ እስፓንኛም ለወዳጅ «ቱ»፣ ለተከበረ ሰው «ኡስቴድ» ይላል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ተማሪው ለሽማግሌ መምህሩ በ«እርስዎ» የጻፈው ደብዳቤ «ቱ» ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ መምህሩም ድፍረቱን የሚቈጥሩት በመኪናው ላይ አይደለም። እኅቱን «ደክሞሻል?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ «ካንሳዳ» መባል የሚገባት ልጅ እንደ ወንድ «ካንሳዶ» ልትባል ትችላለች። የሚያሳዝነው፣ አማርኛው የሴትነቱን ምልክት ይዞ ተነሥቷል፤ እስፓንኛውም ሊቀበለው ቦታ አዘጋጅቷል፤ የጠፋው በመንገድ ነው። ገና ጀማሪ የሆነ ተማሪም መጥፋቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ስለሆነ እንደ ተማረው ቈጥሮ ይይዘዋል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኩባ፣ በወጣቶች ደሴት የተማሩ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች እስፓንኛን የያዙት እንዲህ ያለ መኪና ሳይኖራቸው ነበር። ሲሳሳቱ የሚሰማቸው ሰው ግን አጠገባቸው ነበረ።