ዳኛ ፊት የሚሟገተው ገበሬ ፊልም ላይ ለምን ዲዳ ሆነ?

የአዲስ አበባ ሕዝብ በመጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህ በተነሣ ቁጥር እንስቃለን፣ ኋላ ቀርነት ነው እንላለን። እስቲ አንድ ጊዜ ሳቁን ትተን እንጠይቅ፤ ለመሆኑ ያ ነጭ ሸራ የደጋውን ክርስቲያን ምን አድርጎ ነው ያሳየው? ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከፋሺስቶቹ ፊልሞች አንዱ መነሻ ያደረገው ታሪክ የተቋጨው እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ነውና።

ፊልሙ «አቡነ መስያስ» ይባላል። በ1939 እ.ኤ.አ. ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለ ኢጣልያዊ ያዘጋጀው ሲሆን፣ የሚተርከው ስለ ካቶሊኩ ሚስዮናዊ ስለ ጉልዬልሞ ማሳያ ነው። አባቶቻችን አቡነ ማስያስ ይሏቸው ነበር። ሰውዬው በሸዋ በምኒልክ ዘንድ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደብረ ታቦር አስጠርተው ከአገር አስወጧቸው። ነገሩ ሥር ነበረው። ከዓመት በፊት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖት አንድነትን አውጇል፤ ምኒልክም በማስያስ በኩል ከአውሮፓ ጋር ይጻጻፉ ነበር። ፊልሙ ግን ጉዳዩን የደግ ቄስና የክፉ ቄስ ጠብ አደረገው። ነጩ መነኩሴ ሩኅሩኅ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ተንኮለኛ ሆኑ። ሕዝቡማ አጃቢ ነው፤ ይሰበሰባል፣ ይንበረከካል፣ ይበተናል።

ይህ ፊልም በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። ዋንጫው ሲሰጥ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ከተረሸኑ ሦስት ዓመት አልፏል። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከታረዱም ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራሙ 297 መነኮሳት ማስገደሉን አስታውቆ ነበር። እንግዲህ በሸራው ላይ ክፉ የተባለው ጳጳስ፣ በመሬት ላይ ጥይት የጠገበው ጳጳስ ነው። ፊልሙ ግድያውን የደበቀ ብቻ እንዳይመስለን፤ ለግድያው ምክንያት ሲያበጅ ነው።

የእኛው ሰው ካሜራ ሲይዝስ? በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 ቀርጾ በ1976 እ.ኤ.አ. አወጣው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ገበሬው ሲነቃ፣ በሬ ሲጠምድ፣ በባላባቱ ሲሰደብ እናያለን። ከበደል ላይ ዓይን ያለማንሣት ድፍረት ነው። «መሬት ለአራሹ» ብሎ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው ትውልድ ሕመም በሸራ ላይ ታየ ማለት ይቻላል።

ሆኖም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የፊልሙ ገበሬ ጭሰኛ ነው። በበጌምድርና በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር። ባለ ጉልት ይጫነዋል፣ ይገብራል፤ ቢሆንም ርስቴን ብሎ ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ይሟገታል። የአያቶቹን ስም እስከ አቅኚ አባቱ ይቆጥራል፣ በላ ልበልሃ ይላል። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ ማንም ቃል አላዋሰውም። ክርስትናውም እንደዚያው ነው። ሰንበቴና ማኅበር ያቋቁማል፣ ከቄሱ ጋር ይከራከራል፣ ልጁን ድጓ እንዲማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት እንዲማር ዙር አምባ ይልካል። ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናቸው። ፊልም ከዚህ ሁሉ የወደደው መንበርከኩን ብቻ ነው። መንበርከክ ለዓይን ይመቻል፤ ሙግት ግን ቋንቋውን ማወቅ ይጠይቃል።

ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ወደዚህ ቀረበ። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰውን አንበርብርን የጣና ዳር መንደር ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ ያማዋል፣ ይመረምረዋል፣ ይፈርድበታል። እናቶች ልጆቻቸውን ለጦርነት ከሚያፍሰው ወታደር ጋር ይፋጠጣሉ። እዚህ መንደሩ አጃቢ አይደለም፣ ይናገራል። ይህም ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። ጳጳሳችንን ክፉ አድርጎ ያሳየው ፊልም በተሸለመበት ፌስቲቫል፣ ከ69 ዓመት በኋላ የጎንደር ልጅ ተሸለመ። ታሪክ ዕዳዋን ከፈለች አልልም። መንገዱ ግን የት ድረስ እንደሆነ ያሳያል።

ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን አለ። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለውን ጣራ ገዳምን ማንም ይቀርጸዋል፤ ደኑ ያምራል፣ መነኩሴው በጭጋግ ውስጥ ሲያልፍ ያምራል። አምሮ ሲያበቃ ግን ዝም ይላል። ደኑን ማን እንደጠበቀው፣ በምን ግዝትና በምን ስምምነት እንደቆየ፣ ወሰኑ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ የሚነግረን የለም። ከመካከላችን ፊልም ልሥራ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ይክፈት። ሽማግሌው የሚሉት አላቸው፤ ሲናገሩም አጭር አይደሉም፣ ካሴት ይበዛ ዘንድ ይያዝ።