የአራዳ ኳስ በቴሌቪዥን ስንት ያወጣል?

ከስድስት ኪሎ በአራት ኪሎ ወርደን፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን ፒያሳ ስንወጣ፣ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን የተወለዱበትን ኮረብታ እንረግጣለን። አንደኛው የኳስ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ ተመሠረተ። ሁለተኛው የቴሌቪዥን ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሁለቱ እንዲህ ጎረቤት ሆነው ሳለ የአገራችን ሊግ በቴሌቪዥን ለመታየት ደህና ዋጋ እስኪቆረጥለት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። ለምን ይሆን? በሻይ ሰዓት ስንከራከርበት የከረምነውን ነገር ነው ዛሬ ወደ ወረቀት የምናወርደው።

ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ክለቡን ሲያቋቁሙ የኳስ ዋጋ ከሜዳው በር የሚያልፍ ነገር አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ ተሳታፊዎቹ አምስት ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። የከተማው ነጋዴ፣ ወታደርና ተማሪ ተሰብስቦ ያየውን፣ ያላየው ደግሞ በማግሥቱ ከሰው አፍ ይሰማው ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳም አገሩ ገና ቴሌቪዥን አልነበረውም። ዛሬ ቢሆን ስንት ጣቢያ በተናጠቀው! ያኔ ግን ሀብቱ ሁሉ የሚስማር ተራና የካታንጋ ተመልካች ቲኬት ነበር።

ቴሌቪዥኑ ከመጣ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጣቢያው አንድ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ነው። በደርግ ዘመን ክለቦቹም በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክለቦች ነበሩ፤ ባንክ፣ መድን፣ መብራት ኃይል፣ ጦሩ። በጀት ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ኪስ ቢገባ ምን ዋጋ ይባላል? ገዥ አንድ ብቻ በሆነበት ገበያ ጨረታ የለም፤ ጨረታ በሌለበት ደግሞ «መብት» የሚባለው ነገር ወረቀት ነው። በአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ሥዕሉ ባለቀለም ሆነ። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ ስንወስድ ሕዝቡ በደስታ አበደ። ደስታውን ሸጦ ለክለቦች ሜዳ የሚያሠራ ግን አልነበረም፤ ሻጩም ገዥውም አንድ ጌታ ነበራቸውና።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎችን የእግር ኳስ ግጥሚያ (የእነሱን በእጅ የሚጫወቱትን ዓይነት ማለታችን ነው) ለቴሌቪዥን የሚሸጠው ለብዙ ዘመን አንድ ማኅበር ብቻ ነበር። ስንት ጨዋታ እንደሚታይ የሚቆርጠውም እሱው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይህን ሻረው። በመጀመሪያ ገበያው በጨዋታ ስለተጥለቀለቀ ዋጋው ወረደ፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ በየምድባቸው ሆነው መሸጡን ሲያውቁበት ግን ሰማይ ነካ። ቢግ ቴን የሚባለው ምድብ እ.ኤ.አ. በ2022 የተዋዋለው ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1992 ታላላቅ ክለቦቿ ከነባሩ ሊግ ወጥተው ፕሪሚየር ሊግ ብለው ሲደራጁ የ5 ዓመቱን ሥርጭት በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡ።

የዚያን የእንግሊዝ ገንዘብ ጥቂቱን እኛም ከፍለናል። በፒያሳ ጓሮዎች በዲኤስቲቪ ቤቶች የበር ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ለአርሴናልና ለማንቸስተር ስንጣላ ያመሸን ስንቶቻችን ነን! የጊዮርጊስን ጨዋታ ግን እዚያ ስክሪን ላይ የሚያሳይ አልነበረም።

የተለወጠው ክለቦቹ ራሳቸው የሊግ አክሲዮን ማኅበር መሥርተው ሻጭ ሲሆኑ ነው። ለ2013 ዓ.ም. ውድድር መልቲቾይስ በዲኤስቲቪ በኩል መብቱን ለ5 ዓመት ወሰደ፤ የተነገረው ዋጋ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዓመት ሲካፈል 13 ሚሊዮን ከምናምን። በአማርኛ የሚተረክ ጣቢያም ተከፈተ። የሊጉ ስም እንኳ ለአንድ አቋማሪ ድርጅት ተሸጦ «ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ፤ እኛን ይኼ አልጣመንም፣ ምን ይደረግ።

ሒሳቡ ግን ሌላም ገጽ አለው። ገንዘቡ በመጣበት በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሥቶ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ቀሩ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። እነሱ በሌሉበት የተሸጠ ሊግ ነበር። ብሩም አልቆመም፤ ውሉ ሲፈረም በባንክ 37 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ሲለቀቅ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበን የሜዳው ነገር ነው። በኮሮና ሰበብ ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ፤ ለካሜራውም አመቺ ሆነና ኮሮናው ሲያልፍ እንኳ ቀጠለ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ፈረሰኞቹ የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ዋንጫዎችን ያነሡት ከአዲስ አበባ ርቀው ነው። በቲኬት ዘመን ዋጋ የነበረው እዚያው የተገኘው ሰው ነበር፤ አሁን ዋጋ ያለው ዲሽ ያለው ሰው ሆነ። ክለቡ ሀብታም ለመሆን ሲል ከሠፈሩ ተሰደደ ብንል ማጋነን ይሆንብናል? አንዳንዶቻችን ይሆናል ይላሉ፤ ቲኬት ብቻ የትኛውን ተጫዋች ደመወዝ ከፍሎ ያውቃል ብለው ይሞግታሉ። ክርክራችን እስካሁን አልተዘጋም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ የበር ከፍለን እናይባቸው ከነበሩት ጓሮዎች አንዳንዶቹም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ስናልፍ፣ የጊዮርጊስን ስካርፍ በአንገታቸው የጠመጠሙ አንድ አዛውንት አስቆሙንና «ልጆቼ፣ ዛሬ የት ነው የምንጫወተው?» አሉን።

«ድሬዳዋ ነው፣ አባባ።»

«እሱንስ ሰምቻለሁ። እዚህ አካባቢ የት ይታያል ማለቴ ነው እንጂ።»