ከፌርፋክስ በፊት፦ የፍራንሲስኮ አቪላ የከብት መስክና ቤተሰቡ

ፌርፋክስ ላይ መኪና አቁመን ቡና ለመጠጣት ስንገባ፣ የቆምንበት መሬት ቀድሞ ምን እንደነበረ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ይህን የመንገድ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። ለልጆቻችን የምንነግራቸው የሰፈሩ ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ፣ ወይም ጥቂት ቀደም ብለው ከተከፈቱት ምግብ ቤቶች ይጀምራል። በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ስለ አካባቢያችን ታሪክ እንድጽፍ ስጠየቅ ግን ራቅ ብዬ ወደ ኋላ መሄድን መረጥሁ። ከዊልሸር ጎዳና በስተ ደቡብ የተንጣለለው ሜዳ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የከብት መስክ ነበር። ባለ መስኩም ፍራንሲስኮ አቪላ ይባሉ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶን ፍራንሲስኮ ተወላጅነታቸው ከዛሬዋ ሜክሲኮ፣ ከሲናሎአ ነው። ወደዚህ በመጡ ጊዜ ሎስ አንጀለስ በ1781 አርባ አራት ሰዎች የቆረቆሯት፣ በስፔን ንጉሥ ሥር ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በ1810 የመንደሪቱ አልካልዴ ሆኑ። አልካልዴ ማለት ሹምም ዳኛም ነው፤ ግብርም ይጠይቃል፣ የወሰን ክርክርም ይሰማል። በ1818 ከአደባባዩ አጠገብ ቤት ሠሩ። ይህ ዓመት በእኛ አገር ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በቋራ ተወለዱበት የሚባለው ዓመት ነው። የሁለቱን አገሮች ዘመን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማየት ለኔ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ በከተማዪቱ ካሉት መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የቀደመው እርሱ ነው። አሠራሩን ባላገር ያደገ ሰው ቢያየው አይደነግጥም። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ጡብ ሆኖ የተደረደረ ነው። የግድግዳው ውፍረት አንድ ሜትር ይጠጋል። ወለሉ መጀመሪያ የተደቀደቀ አፈር ነበር፤ በቀን ደጋግሞ ይጠረግ ነበር ይባላል። ጣሪያው ደግሞ በሬንጅ ተለብጦ ነበር። ሬንጁ የመጣው ከላ ብሬያ ጉድጓዶች ነው፤ እነዚያው ከፌርፋክስ በእግር የሚደረስባቸው፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት እየሄዱ የጥንት አራዊት አጥንት የሚያዩባቸው ጉድጓዶች ናቸው።

በ1821 ሜክሲኮ ከስፔን ነፃ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ አገረ ገዥው ሉዊስ አርጉዌሎ ለዶን ፍራንሲስኮ «ራንቾ ላስ ሲዬኔጋስ» የተባለውን መሬት ሰጧቸው። ስፋቱ 4,439 ኤከር ነው፤ በእኛ የድሮ ልክ ወደ 45 ጋሻ ይሆናል። ሲዬኔጋ ረግረግ ማለት ነው። የሎስ አንጀለስ ወንዝ እስከ 1825 ድረስ በዚህ በኩል ወደ ምዕራብ ይፈስ ስለነበር መሬቱ ውኃ የማያጣው፣ በበጋ ሣሩ የማይጠወልግ ነበር። ከፌርፋክስ በስተ ምዕራብ ያለው ላ ሲዬኔጋ ጎዳና ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አንድ ከብት አርቢ ከዚህ የተሻለ መስክ ሊመኝ አይችልም።

ሥራው እንዲህ ነበር። አጥር የሚባል ነገር የለም፤ የአንዱ ከብት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይውላል። በዓመት አንድ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብና፣ ፈረሰኞች መንጋውን ወደ አንድ ሜዳ ይነዱታል። ጥጃው የእናቱን ተከትሎ ይለያል፤ በጋለ ብረትም የባለቤቱ ምልክት ይተኮስበታል። ክርክር ሲነሣ የሜዳ ዳኛ የሚባል ሹም እዚያው ይፈርዳል። እስከዚህ ድረስ ለቦረናም ሆነ ለራያ ሰው የሚያስቸግር ነገር የለውም። ልዩነቱ ከብቱ ለምን እንደሚረባ ስናይ ነው። ለወተት አይደለም፤ ለማረሻ በሬም እጅግ ጥቂቱ ነው። ለቆዳውና ለሞራው ነው። ከቦስተን ተነሥተው የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞረው የሚመጡ መርከቦች በሳን ፔድሮ ወደብ ቆዳውን እየጫኑ ለጫማ ፋብሪካ ይወስዱት ነበር። ሞራው ለሻማና ለሳሙና ይሆናል። በምላሹ ሐር፣ የቤት ዕቃ፣ ስኳር ይራገፋል። ገንዘብ ስለማይገኝ ቆዳው ራሱ ገንዘብ ሆነ፤ አንዱ ቆዳ ሁለት ዶላር ግድም እየተተመነ «የካሊፎርኒያ ብር» እስከመባል ደረሰ። ከሥጋው አብዛኛው ለአሞራና ለውሻ እየተተወ በሜዳ ይቀር ነበር። ጾም ፈትቶ ቁርጥ ለሚጠብቅ ወገን ይህን ማንበብ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያሉትን ሰዎች የአካባቢው መጻሕፍት «አቅኚ» ይሏቸዋል። ቃሉን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን መስኩ ባዶ አልነበረም። የቶንግቫ ሕዝብ ከእነርሱ በፊት በዚህ ለሺህ ዓመታት ኖሯል። ፈረስ ላይ ወጥቶ መንጋውን የሚነዳው፣ ቆዳውን የሚገፈውና ሞራውን የሚያቀልጠው እጅም በአብዛኛው የዚሁ ሕዝብ እጅ ነበር። ደመወዙ ምግብ፣ ልብስና አረቄ ነበር። የዶን ፍራንሲስኮ ብልጽግና የቆመው በዚያ እጅ ላይ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪኩን ጎደሎ አድርገን ማስተላለፍ ነው።

የመጀመሪያ ሚስታቸው ማሪያ ዴል ሮሳሪዮ ቬርዱጎ በ1822 ስላረፉ፣ ኤንካርናሲዮን ሴፑልቬዳን አግብተው ነበር። ዶን ፍራንሲስኮ በ1832 ሲሞቱ ቤቱና መስኩ በእኚህ ወይዘሮ ትከሻ ላይ ወደቀ። በጥር 1847 የአሜሪካ ጦር ሎስ አንጀለስን ሲይዝ ወይዘሮዋ ቤቱን አንድ ልጅ እንዲጠብቀው አዝዘው ሸሹ። የሚተረከው እንዲህ ነው፦ ልጁ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የጦሩ ሙዚቃ ከአደባባዩ ሲሰማ ግን አላስችል አለውና በሩን ክፍት ትቶ ወጣ። መኮንኖቹ ሲያልፉ ያማረውን ቤት አዩ፤ ገብተውም ተቀመጡ። የልጁ ታሪክ እውነት ይሁንም አይሁን፣ የጦሩ አዛዥ ኮሞዶር ስቶክተን ቤቱን ማዘዣ ጣቢያ ማድረጋቸው እርግጥ ነው።

ከጦሩ ይልቅ የቤተሰቡን መሬት የፈተነው ግን ወረቀት ነበር። በ1848 የተፈረመው የሰላም ውል የነባሮቹን ንብረት እንደሚያከብር ቃል ገብቶ ነበር። በ1851 የወጣው ሕግ ግን እያንዳንዱ ባለ መሬት መብቱን በኮሚሽን ፊት እንዲያስረዳ አዘዘ። የሜክሲኮ ዘመን ሰነድ ምን ይመስል ነበር? በእጅ የተሣለ ንድፍ፤ ወሰኑ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ምንጭ። አባቶቻችን ርስታቸውን በወንዝና በዋርካ፣ በሽማግሌ ምስክርነት ይለዩ እንደነበረው ማለት ነው። ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ይህ ይበቃል፤ በባዕድ ቋንቋ፣ ከማያውቁት ዳኛ ፊት ሲቀርቡበት ግን አይበቃም። የአቪላ ወራሾች ማመልከቻቸውን በ1852 አስገቡ። የባለቤትነቱ ወረቀት ለኻኑዋሪዮ አቪላና ለሌሎቹ ወራሾች የተሰጠው በ1871 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

በእነዚያ ዓመታት መካከል የከብቱ ዘመን ራሱ አለቀ። በ1849 ወርቅ ፍለጋ የጎረፈው ሕዝብ ሥጋ ስለፈለገ የከብት ዋጋ ሰማይ ወጥቶ ነበር፤ አርቢዎቹም በብድር መኖርን ለመዱ። ወለዱ በዓመት ሳይሆን በወር የሚቆጠር ነበር። በ1861 እና በ1862 መካከል ታላቅ ጎርፍ መጣ፤ ጎርፉን ተከትሎ እስከ 1864 ድርቅ ሆነ። በሺህ የሚቆጠር ከብት በየሜዳው ረግፎ ቀረ። እኛ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን «ክፉ ቀን» ስናወራ ከብት ያለቀበት አገር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እዚህ ግን ከዝናቡ በኋላ መሬቱ በአበዳሪና በጠበቃ እጅ ገባ። የልጃቸው የሉዊሳ ባል ማኑዌል ጋርፊያስ ዛሬ ፓሳዴና ያለችበትን ራንቾ ሳን ፓስኳልን በዕዳ አጣ። የዶን ፍራንሲስኮ ወንድም አንቶኒዮ ኢግናሲዮ ሳውሳል ሬዶንዶ የተባለ ሰፊ መስክ ነበራቸው። አብዛኞቻችን ወደዚህች ከተማ የገባንበት የአውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚያ አካባቢ ነው። እርሱንም ወራሾቻቸው በ1868 ሸጡት። ላስ ሲዬኔጋስም እየተሸነሸነ እርሻ፣ በኋላም የነዳጅ ጉድጓድ፣ በመጨረሻም ሰፈር ሆነ።

ለቤተሰቡ የተረፈው በሴቶቹ በኩል ነው። ወይዘሮ ኤንካርናሲዮን በ1855 ሲያርፉ ቤቱ ለሴቶች ልጆቻቸው ለሉዊሳና ለፍራንሲስካ ደረሰ። ፍራንሲስካ ቴዎዶር ሪምፓው የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ አግብታ ነበር። ከእኛ ሰፈር በስተ ምሥራቅ የሚያልፈው ሪምፓው ጎዳና የዚህ ቤተሰብ ስም ነው። እኔ ስንት ዓመት አውቶቡስ ስጠብቅበት የኖርሁት ስም! ቤቱ እየተከራየ ማረፊያም ምግብ ቤትም ሆነ፤ በ1920ዎቹም ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ እንዲፈርስ ተወሰነ። ክሪስቲን ስተርሊንግ የተባሉ ሴት ተሟግተው አዳኑት፤ በ1930 ኦልቬራ ጎዳና ሲከፈትም ቤቱ አብሮ ተከፈተ። በ1971 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት እንደገና ታደሰ።

ይህን መጽሐፍ ለማዘጋጀት ከየቤቱ የቆዩ ፎቶግራፎች ስንሰበስብ፣ ከብዙዎቹ ጀርባ ስም አልተጻፈም ነበር። ፊቱን እናውቀዋለን የሚሉ እናቶች አሉ፤ ስሙ ግን አይመጣላቸውም። አቪላዎችን የማነበው በዚያው ሰሞን ስለነበር ሁለቱ ነገሮች በልቤ ተጣበቁ። ቢያንስ ያወቅናቸውን ስሞች በእርሳስ እየጻፍን መልሰናል።

ባለፈው ዓመት ከደብራችን አረጋውያን አንዱን ይዤ ወደ ኦልቬራ ሄድሁ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ክፍሎቹ በ1840ዎቹ መጨረሻ እንደነበሩት ተደርገው ተዘጋጅተዋል። አባታችን ሐር መጋረጃውንም የቦስተኑን ዕቃም አላዩም። በትራቸውን አስደግፈው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ጭዱ የምን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኋቸው። «የጤፍ ካልሆነ ሁለት መቶ ዓመት አይቆምም ነበር» አሉኝና ወደ ግቢው ወጡ።